የጡጦውን ቀዳዳ ማን አሰፋው?

ይህን ነገር ለባለቤቴ የነገርኩት በሆነ በዘጠነኛው ቀን ነው። ለእናንተ ስነግራችሁ ደግሞ ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። ለምን ዘገየሽ የሚለኝ ቢኖር መልሴ ይህ ነው። ሰው የራሱን ጥፋት ለመናገር ምላሱ ይከብደዋል፤ የእኔም ከብዶኝ ኖሯል።

ትዕግሥት እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ጫግኒ ነው። እንጅባራ የመጣሁት በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተቀጥሬ ሲሆን፣ የሞቃት አገር ልጅ ስለሆንኩ የመጀመሪያውን ክረምት ያሳለፍኩት ሁለት ሹራብ ደርቤ እየተንቀጠቀጥኩ ነበር። ደሳለኝን የተዋወቅሁት በዚያው ዓመት ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ እጁ የማያርፍ፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ ሰው። የተወለደው ጥርባ አካባቢ ካለ ገጠር ነው። ተጋባን። በሁለተኛው ዓመት ልጃችን ቤዛ ተወለደች።

ያን ጊዜ ደሳለኝ ዳንግላ ላይ የሚገነባ ሕንፃ መስመር ዝርጋታ ይዞ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ይመጣል፤ ሰኞ በጠዋት በሚኒባስ ይመለሳል። የወሊድ ፈቃዴ ሲያልቅ ልጅቷ ገና ሦስት ወር ከሳምንቷ ነበር፤ የሚይዝልን ሰውም አልነበረንም። ደሳለኝ "እናቴን ላምጣት" አለ። እኔም እሺ አልኩ።

የደሳለኝ እናት እማማ ይታይሽ እንዲህ ሆኖ ነው ቤታችን የገቡት። አጠር ያሉ፣ ቀጭን፣ ሲቀመጡም ሲነሱም ድምፅ የማይሰማባቸው ሴት ናቸው። አፍ የፈቱት በአዊኛ ነው። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ ሰላም ለማለትና ዋጋ ለመጠየቅ ይበቃል እንጂ ለጨዋታ አይሆንም። የእኔ አዊኛ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነበር። ደሳለኝ በሌለበት ሳምንቱን ሙሉ የምንግባባው በእጅና በዓይን ነበር ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ የተጋጨነው በጡጦው ነው። እኔ ሥራ ስውል ቤዛ የዱቄት ወተት በጡጦ እንድትጠጣ ነበር ያሰብኩት። እማማ ይታይሽ ግን ጡጦውን አገላብጠው አዩትና አስቀመጡት። ትንሽ ሲኒ አመጡ፤ ወተቱን እዚያ ላይ ቀድተው፣ ልጅቷን ቀና አድርገው ይዘው፣ በትንሽ ማንኪያ ከንፈሯ ላይ ያስነኳት ጀመር። ቤዛም በምላሷ እየላሰች ወሰደችላቸው። ይህን ከሥራ ተመልሼ ሳይ ተናደድኩ። ለምን እንደተናደድኩ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። የገጠር ነገር መሰለኝ። ጎረቤት ቢያየኝ "በማንኪያ ታሳድጋለች" የምባል መሰለኝ። ሲኒውን ወስጄ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩና ጡጦውን በእጃቸው ሰጠኋቸው። እሳቸውም ተቀበሉኝ።

ከጡጦው ጋር አብሮ የመጣው ጎማ፣ ሕፃኑ የሚጠባው ጫፉ ማለቴ ነው፣ ለስላሳ ነበር፤ ቤዛም ለምዳው ነበር። እኔ ግን ልቀቅለው ብረት ድስት ላይ ጥጄ እየረሳሁት፣ ውኃው ተንኖ እስኪያልቅ እየደረቀ፣ በወሩ አብጦ ሲነኩት እጅ ላይ የሚጣበቅ ሆነ። ስለዚህ ገበያ መካከል የልጅ ዕቃ ዘርግታ ከምትሸጥ ሴት ሌላ ገዛሁ። ማሸጊያ የለውም፤ ብዙ ጎማ አንድ ፌስታል ውስጥ ተከምሮ ነው የሚሸጠው። እሷ "ልጁ ስንት ወሩ ነው?" ብላ አልጠየቀችኝም፤ እኔም "ይሄ ለስንት ወር ልጅ ነው?" ብዬ አልጠየቅኳትም። አንዱን አነሳሁ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ሄድኩ።

አዲሱ ጎማ ወፍራምና ደረቅ ነበር። ቀዳዳዋም የመርፌ ጫፍ ታክላለች። ቤዛ ትጠባለች፣ ትጠባለች፣ ጉንጯ ስርጉድ ይላል፣ ግንባሯ በላብ ይርሳል፤ ሩቡን ሳትጨርስ ደክሟት ትተኛለች። ከዚያ በራብ ነቅታ ታለቅሳለች። ጠዋት ጠዋት እሷን አጥግቤ ልውጣ ስል ሰዓት ያልፍብኛል። አለቃዬ ሁለት ጊዜ ታገሡኝ፤ በሦስተኛው ግን "ትዕግሥት፣ አንቺ እኮ ወልደሽ ነው የመጣሽው እንጂ ሥራ ለቀሽ አይደለም" አሉኝ። ሰው ፊት ነበር የተናገሩኝ።

ያን ቀን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ስለ ጡጦው ስማረር ሰማችኝና ሳቀች። "ለዚህ ነው የምትጨነቂው? መርፌ በእሳት አግዪና ቀዳዳውን አስፊው። የእኔዎቹ ሁሉ እንዲያ ነው ያደጉት" አለችኝ።

በማግሥቱ ረቡዕ ነበር። ሐምሌ ነው፤ ከሌሊት ጀምሮ የያዘው ዝናብ አላባራም። እማማ ይታይሽ ቤዛን አዝለው በረንዳ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። እኔ ጓዳ ገብቼ ሻማ ለኮስኩ፤ መርፌውን እስኪቀላ አግዬ ጎማው ጫፍ ላይ ሰካሁት። ጭስ አለ፤ የተቃጠለ ጎማ ሽታ ቤቱን ሞላው። ጡጦውን ዘቅዝቄ ሳየው አሁንም ጠብ፣ ጠብ ነው የሚለው። እንዲያ ነበር መሆን የነበረበት፤ ያን ጊዜ ግን አላወቅሁም። መርፌውን እንደገና አጋልኩና ሰክቼ ዙሪያውን አዞርኩት። አሁን ስዘቀዝቀው ወተቱ ሳይቆራረጥ ወረደ። ደስ አለኝ።

ልጅቷን ተቀብዬ ራሴ ሰጠኋት። ጎንጨት፣ ጎንጨት አደረገችና ወተቱ በአፏ ዳርና በአፍንጫዋ ወጣ። አሳላት፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ፊቷ ቀላ። ጀርባዋን መታ መታ ሳደርጋት ተመለሰች። ያ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ከዚህ የበለጠ ማስጠንቀቂያም የለም። እኔ ግን ሰዓቴን አየሁ። ለእማማ ይታይሽ ልጅቷንም ጡጦውንም አስረከብኳቸውና "ዛሬ ቶሎ ትጨርሳለች" ብያቸው ወጣሁ። የገባቸው አይመስለኝም። በሩ ላይ ቆመው ሲያዩኝ አስታውሳለሁ።

አምስት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጠራ። ጎረቤታችን ነበረች። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ "ልጅቷ... አያቷ ይዘዋት... ሆስፒታል..." የሚል ብቻ ሰማሁ። ጃንጥላዬን ትቼ ወጣሁ። ባጃጁ ውስጥ የተቀመጥኩትን አላስታውስም። የማስታውሰው ሾፌሩ በመስታወት እያየኝ "አይዞሽ እቴ፣ ደረስን" እያለ ደጋግሞ ሲነግረኝ ነው።

ድንገተኛ ክፍል ስደርስ እማማ ይታይሽ ግድግዳው ሥር ቆመዋል። ከራስ እስከ እግራቸው ዝናብ አርሷቸዋል። ደረታቸው ላይ ወተት ፈሷል። በቀኝ እጃቸው ጡጦውን እንደያዙ ናቸው፤ ሲሮጡም አልጣሉትም። ቤዛ አልጋ ላይ ናት። አፍንጫዋ ላይ የኦክስጅን ቱቦ አለ። ከንፈሯ ጠቁሯል፤ ደረቷ በየትንፋሹ ወደ ውስጥ እየገባ ይወጣል። ያች ትንሽ ደረት እንዲያ ስትለፋ ያየ ሰው ሌላ ነገር ማየት አይችልም።

ዞሬ እማማ ይታይሽ ላይ ጮህኩ።

"ምን አደረጓት? ምን አጠጧት? አብሽ ሰጧት? ቅቤ አስዋጧት?"

እሳቸው ጡጦውን ብቻ ከፍ አድርገው አሳዩኝ።

ነርሷ ክንዴን ያዘችኝ። ወጣት ናት፤ ግን እርጋታዋ የትልቅ ሰው ነው። "እናቷ አንቺ ነሽ? ረጋ በይ እህቴ። ወተት ትን ብሏት ወደ ሳንባዋ ገብቷል። ዶክተሩ አይቷታል፤ መድኃኒት ጀምረንላታል" አለችኝ። ቀጥላ ጡጦውን ከእማማ ይታይሽ እጅ ወሰደችና በባልዲ ላይ ዘቀዘቀችው። ወተቱ እንደ ክር ሆኖ ያለማቋረጥ ወረደ። ጎማውን በጣቷ እየዳሰሰች ወደ ብርሃኑ አስጠጋችው።

"ይሄ በእሳት ነው የሰፋው" አለች። "እንዲህ ሲሆን ልጅ መዋጥ አይችልም፤ እላዩ ላይ ነው የሚፈስበት። ማን ነው ያሰፋው?"

አንዴ እኔን፣ አንዴ እማማ ይታይሽን አየች።

ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር ብላችሁ ውሸት ይሆንብኛል። አልከፈትኩም። ያን ጊዜ ያሰብኩት ልጄን እንኳ አልነበረም። ያሰብኩት ከደቂቃ በፊት ሰው ፊት የጮህኩትን ነው፤ ያሰብኩት ነርሷ እንዴት እንደምታየኝ ነው፤ ያሰብኩት ደሳለኝን ነው። እማማ ይታይሽ ፊቴን አዩት። ረጅም ጊዜ አይደለም። ከዚያ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉና "እኔ" አሉ።

ነርሷ አልተቆጣችም። "እማማ፣ ሁለተኛ እንዳይለምድዎት። ይሄ ልጅ ይገድላል" አለቻቸው። እሺ በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። ነርሷ ካርዱ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ የቤዛን እግር ያዝኩ።

ደሳለኝ ከዳንግላ ሲደርስ የሥራ ልብሱን እንኳ አልቀየረም ነበር። ልጁን አይቶ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ምን ሆና ነው?"

"ትን ብሏት ነው። የጡጦው ቀዳዳ... በመርፌ ሰፍቶ ነበር።"

"ማን ነው ያሰፋው?"

"እማማ ለሲስተሯ 'እኔ' ብለዋታል" አልኩት።

ውሸት አልነበረም። ለሲስተሯ ያሉት በእርግጥ እንዲያ ነው። ከዚያ በፊትም በኋላም ብዙ ውሸት ዋሽቼ አውቃለሁ፤ እንደዚያች እውነት የከፋ ግን የለም።

ደሳለኝ እናቱን ይዟቸው ወደ ኮሪደሩ ወጣ። በአዊኛ ነበር የሚናገረው። ቃሉ አይገባኝም፤ ድምፁ ግን ይሰማኛል። መጀመሪያ ዝግ ብሎ ነበር፤ ከዚያ ከፍ አለ። የእሳቸው ድምፅ አልተሰማም። በበሩ ክፍተት ሳይ እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል፤ እሱ ወደ መውጫው እያመለከተ ነው።

እሳቸው ግን አልሄዱም። ከክፍሉ ውጭ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ደሳለኝ "ልጄን እንዳትነኪ" ብሏቸዋል አለችኝ ነርሷ፤ እሷ አዊኛ ትሰማለች። ሐሙስ ቀን ቤዛ ትኩሳቷ ወጣ፤ ወተት ወደ ሳንባዋ በገባበት በኩል የሳንባ ምች ይዟት ነበር። ከክፍሉ በወጣሁ በገባሁ ቁጥር በአግዳሚው በኩል ማለፍ ነበረብኝ። እሳቸው በእያንዳንዱ ጊዜ ቀና ይሉና በዓይናቸው ይጠይቁኛል። እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ ያው ናት፣ አልተሻላትም ለማለት ነው። እነዚያን እርምጃዎች ስንት ጊዜ እንደተራመድኳቸው አላውቅም። በእያንዳንዱ ጊዜ "አሁን እናገራለሁ" እላለሁ፤ በእያንዳንዱ ጊዜ አልፌ እሄዳለሁ። ልቤ ደግሞ አንድ ክፉ ነገር ይነግረኝ ነበር። ልጅቷ ከሞተች ማን ያሰፋው ቢሆን ምን ይለውጣል? ከዳነች ደግሞ ለምን ይነሣል? እያለ።

ዓርብ ጠዋት ዶክተሩ መጣ። ደረቷን አዳምጦ "ዛሬ ጥሩ ናት" አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲል አየነው። ከዚያ ደሳለኝን "ይዘዋት የመጡት እናትህ ናቸው?" ብሎ ጠየቀው።

"አዎ።"

"ትን እንዳላት ወዲያው በክንዳቸው ላይ በደረቷ ደፍተው ጀርባዋን መትተዋታል። ያን ባያደርጉ እዚህም አትደርስም ነበር። ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም።"

ደሳለኝ ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለ። እኔ ግን ተነሥቼ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ነው የወጣሁት፤ ይህን እንድታምኑኝ አልጠይቃችሁም። አግዳሚው ባዶ ነበር። ማለዳ፣ የልጅቷ ትኩሳት መውረዱን እንደሰሙ፣ ተነሥተው ወደ መነኸሪያ መሄዳቸውን ነርሷ ነገረችኝ። ልብሳቸው ሁሉ እኛ ቤት ነበር። ሳይወስዱት ነው ወደ ጥርባ የተመለሱት።

ሰኞ ወደ ቤታችን ተመለስን። ቤዛ ከስታለች፤ ድምጿ ሰልሏል፤ ግን ታየኛለች፤ ጣቴን ትጨብጣለች። ነርሷ ስንወጣ "ጡጦውን ተይው፤ በሲኒና በትንሽ ማንኪያ ስጪያት። በዚህ ዕድሜ ይችላሉ፤ ለማጠብም ይቀላል" ብላኝ ነበር። ቤት ገብቼ ያንን ሲኒ ከቁም ሳጥኑ አወጣሁት።

ሐሙስ ዕለት ደሳለኝ ልጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ብዙ ቀን ያላየሁትን ነገር አየሁ፤ እንባው ይወርዳል።

"እናቴ ናት" አለ። "ብቻዋን ነው ያሳደገችኝ። ግን ከዚህ በኋላ ልጄን አላስነካትም። እንዴት አድርጌ ዓይኗን እንደማይ አላውቅም።"

"እኔ ነኝ" አልኩት።

"ምኑ?"

"ቀዳዳውን ያሰፋሁት እኔ ነኝ። ጠዋት፣ በሻማ። እሳቸው መርፌውን አላዩትም።"

አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። "ዘጠኝ ቀን ሙሉ?" አለኝ።

"አዎ።"

"በእኔ አፍ ስትሰደብ እያየሽ?"

ልጁን አስታቀፈኝና ወጣ። ከሰዓታት በኋላ ረጥቦ ተመለሰና "ነገ እንሄዳለን" ብቻ አለኝ።

በማግሥቱ በሚኒባስ ጥርባ ወረድን። ከመንገዱ ወደ ቤታቸው ግማሽ ሰዓት ያህል በጭቃ ያስኬዳል። ቤዛን ያዘልኳት እኔ ነበርኩ። እማማ ይታይሽ ጓሮ ሆነው ድንች ይቆፍራሉ። ሲያዩን መቆፈሪያውን መሬት ላይ አጋደሙና በመጀመሪያ ያዩት ጀርባዬን ነው። ልጅቷ በሕይወት እንዳለች ሲያዩ ትንፋሻቸውን ለቀቁ።

ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ። የምለውን ሁሉ በአማርኛ አልኩ፤ ደሳለኝ ቆሞ ተረጎመላቸው። እሳቸው ሰምተው ሲጨርሱ አንሥተውኝ በአዊኛ ተናገሩ። ደሳለኝ እየተከተለ ነገረኝ።

"ሲጠይቁሽ ፊትሽ አመድ መሰለ። ልጇ ሞት አፍ ላይ ናት፤ ይህንንም ጨምሬ አላሸክማትም አልኩ። ደግሞም የእኔ አማርኛ ለረጅም ነገር አይበቃም። 'እኔ' ማለት ግን እችላለሁ፤ እሷን አልኩ።"

ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው አንድ አጭር ነገር ተናገሩ። ደሳለኝ አልተረጎመውም። ቀና ብሎም አላያቸው።

"አብረውን ይመለሱ" አልኳቸው። አልፈለጉም። ቤዛን ፈትቼ ላስታቅፋቸው ዘረጋሁላቸው። ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ ደበቁ። አፈር ስለነካው መስሎኝ "ግድ የለም እማማ" አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንዲያ አይደለም። ደሳለኝ ዝግ ባለ ድምፅ "እጄ ላይ ሆና ነው የጠቆረችው ትላለች። ከእንግዲህ አይሆንልኝም ትላለች" አለኝ።

ስንመለስ መንገዱ ዳር ሚኒባስ ስንጠብቅ ደሳለኝ ራሱ አነሣው።

"ቅድም እናቴ ያለችኝን ልንገርሽ። 'መርፌዬ ውስጥ ክር የምታስገባልኝ አንተ ነበርክ። ዓይኔ ያንን ቀዳዳ እንደማያይ ታውቃለህ። ሰው ሁሉ ቢያምን አንተ አታምንም ብዬ ነበር' ነው ያለችኝ።"

ይህን ብሎ ሚኒባሱ ወደሚመጣበት ዞረ።

እንግዲህ የሆነው ይህ ነው። ትዳራችን አልፈረሰም፤ እንደ ቀድሞውም አልሆነ። ደሳለኝ ደግ ባል ነው፤ ግን አንድ ነገር ስነግረው አንዳንዴ ትንሽ ቆም ብሎ ያየኛል። እውነት ነው ወይ እያለ ይመዝነኛል። ይህን ጥርጣሬ የዘራሁበት እኔ ስለሆንኩ አልቀየመውም።

እናቶች፣ በተለይ ልጃችሁን ለሰው ትታችሁ ሥራ የምትሮጡ፣ እኔ ሳላውቅ ያጠፋሁትን እናንተ አውቃችሁ ተጠንቀቁ። ጎማ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ለአራስ የሚሆነውና ለዓመት ልጅ የሚሆነው ይለያያል፤ ስትገዙ ዕድሜውን ጠይቁ፤ ሻጯ ካላወቀች ትታችሁት ሂዱ። ጡጦውን ስትዘቀዝቁት ወተቱ ጠብ፣ ጠብ ካለ ደህና ነው፤ እንደ ክር ከወረደ ለልጅ አይሆንም። ቀርፋፋ ከሆነባችሁ ሌላ ጎማ ፈልጉ እንጂ በመርፌም፣ በምላጭም፣ በምንም አትንኩት፤ አንዴ የሰፋ ቀዳዳ አይጠብም። በየጊዜው ሳብ እያደረጋችሁ እዩት። ካበጠ፣ ከተጣበቀ፣ ስንጥቅ ካለው ጣሉት፤ ተቆርጦ ጉሮሮ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ልጁ ጠጥቶ እንደጨረሰ ወዲያው ገልብጣችሁ ውስጡን እጠቡ፤ ቀቅሉት፤ ግን እንደ እኔ እሳት ላይ አትርሱት። ልጁን አስተኝታችሁ ጡጦ አትስጡት፤ ጡጦውን በትራስ አስደግፋችሁም አትሂዱ። ትን ካለው ደግሞ በዚያው አትቀጥሉ። ይህ ሁሉ ካልተመቻችሁ ሲኒና ማንኪያ አለ። አያቶች ያውቁታል፤ ጠይቋቸው።

ይህኛው ምክር ቀላሉ ነው። ሌላውን ግን እንዴት እንደምመክራችሁ አላውቅም። "ማን ነው?" ተብሎ ሲጠየቅ ጊዜው በጣም አጭር ነው። ያች ጊዜ ካለፈች በኋላ የሚነገር እውነት ይነገራል እንጂ ሁሉን አይመልስም።

ከዚያ ወዲህ አዊኛ ተማርኩ። ደሳለኝ አላስተማረኝም፤ የተማርኩት ከጎረቤትና ከገበያ ነው። ቤዛ አሁን ትሮጣለች፤ በሁለቱም ቋንቋ ታወራለች። ባለፈው ጥር በደሳለኝ መንደር ሠርግ ነበር። በመንደሩ "የልጅ ልጇን ልትገድል ነበር" የሚል ወሬ ከዚያ ክረምት ጀምሮ ሲዞር እንደኖረ አውቅ ነበር። ዳሱ ውስጥ ሴቶቹ ተሰብስበው በተቀመጡበት ተነሣሁ። ብዙ ቀን ስለማመደው የቆየሁትን በተሰባበረ አዊኛ ተናገርኩ። ጎማውን ያበላሸሁት እኔ መሆኔን፣ ልጅቷን ያተረፏት እሳቸው መሆናቸውን፣ እኔ ዝም ማለቴን ነገርኳቸው። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ አንገቷን ደፋች።

እማማ ይታይሽ ሁሉም ሰው እየሰማ በአማርኛ "ይበቃል" አሉኝ። ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ፤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ቤዛ ከእኔ ጉልበት ወርዳ ወደ እሳቸው ሄደች፤ እቀፉኝ ብላ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። እሳቸው ጎንበስ ብለው ግንባሯን ሳሟት፤ በአዊኛ የፍቅር ስም ጠሯት። ልጅቷ እጇን እንደዘረጋች ብዙ ቆየች።

እጃቸውን ግን ከጭናቸው ላይ አላነሡም።